ምሳ ይዛችሁ ኑ

(በለንደን በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች "በልጅነትሽ አውሮፕላን ያበረርሽበትን ታሪክ አጫውቺን" ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ታሪኩ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ የእናቴ ነው። እናቴ ደግሞ እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ አስቀድሜ ፈቃዷን ጠየቅኩ። የምናገረውንም ትናንት ማታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት። ሁለት ቦታ አርማኛለች። ለምን ይህን ያህል እንደተጠነቀቅኩ ስጨርስ ይገባችኋል።

ለንደን የገባነው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች፤ ጠዋት እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ እሷ ትገባለች። ብዙዎቻችሁ ይህን ኑሮ ስለምታውቁት አላስረዝመውም። እንግሊዝኛው ቶሎ የገባኝ እኔ ስለነበርኩ የቤታችን አስተርጓሚ ሆንኩ። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ እኔ፣ ስለ ቤት ኪራይ ደብዳቤ ሲመጣ እኔ፣ ሐኪም ቤት ስንሄድም እኔ። ይህ ሥልጣን መሆኑ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ቆይቶ ገባኝ፤ ሲገባኝም ተጠቀምኩበት።

አሥራ ሦስት ዓመት አልፎኝ ሳለ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ የአየር ካዴቶች ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ ወሰደችኝ። ለማታውቁት፣ ይህ እ.ኤ.አ. በ1941 ዓለም በጦርነት ላይ እያለች ወጣቶችን ለእንግሊዝ አየር ኃይል ለማዘጋጀት የተቋቋመ ድርጅት ነው። ሴት ልጆች የተፈቀደላቸው ግን ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ካዴት የሆነ ሁሉ ወታደር ይሆናል ማለት አይደለም። ሰልፍ አለ፣ ካርታ ማንበብ አለ፣ የመጀመሪያ እርዳታ አለ፣ ጫማ መወልወል አለ። እናቴ ዩኒፎርሙን ወደደችው። ሥርዓት ያስተምራል ብላ ሸሚዜን ራሷ ትተኩስልኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ካዴት ግላይደር ማብረር መማር ይችል ነበር። ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ክንፉ ረጅም ነው፤ አካሉም ቀላል ነው። መሬት ላይ ያለ ዊንች በረጅም ገመድ እየጎተተ ወደ ሰማይ ያወጣዋል፤ ከዚያ ገመዱን ለቆ በአየር ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። በ1998 አሥራ ስድስት ዓመት ሞላኝ፤ ተራዬም ደረሰ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የወላጅ ፊርማ ያለበት ቅጽ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ የመጣነው ከሰሜን ወሎ ነው። በጦርነቱ ዘመን በእኛ አካባቢ ገበያ የሚቆመው በሌሊት ነበር። በቀን ሰው ከተሰበሰበ አውሮፕላን ይመጣል። እኔ ሕፃን ስለነበርኩ ገበያ ማለት ራሱ የሌሊት ነገር ይመስለኝ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ስንገባ ሰው በጠራራ ፀሐይ ሽንኩርት ሲመርጥ አይቼ "እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች አይፈሩም?" ብያት ነበር። እናቴ ለንደን ከገባችም በኋላ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር እጇ የያዘውን ነገር ያስቀምጣል። ድስትም ቢሆን፣ መጥረጊያም ቢሆን። ድምፁ እስኪርቅ ትጠብቅና መልሳ ታነሳዋለች። እንዲህ ለሆነች ሴት "ልጅሽ አውሮፕላን ታበር ዘንድ ፈርሚ" ብዬ እንዴት ልንገራት?

አልነገርኳትም። ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ "በቅዳሜና በእሁድ የሚሰጥ ሥልጠና ነው፤ ከከተማ ትንሽ ወጣ ይላል" አልኳት። እስከዚህ ድረስ እውነት ነበር። ከዚያ እናቴ ጣቷን ረጅሙ አንቀጽ ላይ አድርጋ "ይሄ ብዙ ጽሑፍ ምንድን ነው የሚለው?" አለችኝ። አንቀጹ ስለ አደጋ ነበር። ወላጅ አደጋ ሊኖር እንደሚችል አውቆ መፍቀዱን የሚያረጋግጥበት ነበር።

"ምሳ ይዛችሁ ኑ ነው የሚለው" አልኳት።

እናቴ በዚያ ዓመት በማታ ትምህርት ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ተምራ ነበር። ቀስ ብላ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ፈረመች። ከዚያ ብድግ ብላ ዱቄት አወጣች።

ቦታው ኬንሊ ይባላል። ከለንደን በስተደቡብ በኩል ኮረብታ ላይ ያለ አሮጌ የአየር ኃይል ሜዳ ነው። በባቡር እሄድና ዋይትሊፍ ላይ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። መጀመሪያ ቀን ደርሼ ወዲያው የምበር መስሎኝ ነበር። ያበረርኩት ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ቀን ሁሉ ስሠራ ዋልኩ።

ግላይደር ብቻውን የትም አይሄድም። ጠዋት ከሃንጋር የሚወጣው በሰው እጅ ተገፍቶ ነው። የት ይዘው እንደሚገፉት፣ የትኛው ክፍል ጨርሶ እንደማይነካ ትማራላችሁ። ወርዶ ሲቆምም ሰው ሄዶ ይመልሰዋል። ለመነሣት ደግሞ አንዱ የክንፉን ጫፍ ይዞ ቀጥ አድርጎ ይቆማል፤ አንዱ ገመዱን ይሰካል፤ አንዱ ሰማዩ ነጻ መሆኑን ያያል፤ አንዱ ሜዳው ማዶ ላለው የዊንች ሠራተኛ በመብራት ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ መዝገብ ይዞ የወጣበትንና የወረደበትን ሰዓት ይጽፋል። አንድ ሰው አምስት ደቂቃ እንዲበር ይህ ሁሉ ሰው መሬት ላይ ይቆማል። ነገ ደግሞ ተራው የሌላው ነው። እድር የምታውቁ ሰዎች ናችሁ፤ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

እኔ ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ መዝገቡ ነበር። የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው። መዝገብ ያዡ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። የወጣው ሁሉ መውረዱን ሳያረጋግጥ ከቦታው አይነሳም።

የእናቴ ምሳ በዚያ ሜዳ የታወቀ ሆነ። በየሳምንቱ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንዳንዴም በላስቲክ የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ ትሰጠኛለች። ሌሎቹ ካዴቶች ሳንድዊቻቸውን ትተው እኔን ይከባሉ። አስተማሪዬ በሥራ ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ያለ ደመወዝ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ድፎውን እያላመጡ "እናትሽን አመስግኚልኝ፤ ይህን ያህል እንድትደክም ማን ነገራት?" አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ስለ መብረሩ ልንገራችሁ። ተማሪው ፊት ይቀመጣል፤ አስተማሪው ከኋላ። ላያችሁ ላይ ግልጽ ክዳን ይዘጋል። ክዳኑ ላይ፣ ልክ ዓይናችሁ ፊት፣ አጭር የሱፍ ክር ተለጥፎበታል። ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከተኛ በትክክል እየበረራችሁ ነው፤ ወደ ጎን ከሄደ እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ተሳስቷል። ከሁሉም መሣሪያ ርካሹ እሱ ነው፤ አይዋሽም። በእጃችሁ የምትይዙት ነገር ሁሉ ቀለም አለው። ገመዱን የሚለቀው ቢጫ ነው፤ የአየር ፍሬኑ ሰማያዊ ነው።

ምልክቱ ሲሰጥ ገመዱ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይወጠራል። ከዚያ ወንበሩ ጀርባችሁን ይመታችኋል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፤ ከፊታችሁ ሰማይ ብቻ ይቀራል። ሦስት መቶ ሜትር አካባቢ ስትደርሱ አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ ቢጫውን ትጎትታላችሁ። ገመዱ "ጧ" ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ዝም ይላል። የነፋሱ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል። የመጀመሪያው ቀን ያንን ዝምታ ስሰማ ያሰብኩት እናቴን ነው። እማዬ ብትሰማው ኖሮ፣ እዚህ ምንም ድምፅ የለም።

ከሁሉ የከበደኝ የገመድ መቆረጥ ልምምድ ነበር። ገመዱ በመውጣት ላይ ሳላችሁ ሊቆረጥ ስለሚችል አስተማሪው ሳይናገሩ በመሃል ይለቁታል። በዚያ ሰዓት የማንኛውም ሰው እጅ የሚያደርገው መሪውን ወደ ራሱ መሳብ ነው። ያ ፍጥነቱን ይገድለዋል፤ ፍጥነት የሌለው ክንፍ ደግሞ አይሸከማችሁም። ማድረግ ያለባችሁ ተቃራኒውን ነው። መሬቱ ወደ እናንተ እየመጣ እያያችሁ አፍንጫውን ወደ ታች ትገፋላችሁ፤ ፍጥነት እስኪመለስ ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የት እንደምታርፉ ትወስናላችሁ። ስንት ጊዜ ተሳስቼ ስንት ጊዜ እንደተቆጣሁ አልቆጥረውም። አንድ ቀን ግን እጄ ሳላዝዘው ገፋ። አስተማሪዬ ምንም አላሉም፤ ዝም ማለታቸው ምስጋና ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ እሁድ ወርደን እንደቆምን አስተማሪዬ ቀበቷቸውን ፈቱ። ወጥተው ባዶውን ወንበር ቀበቶ አሰሩት። ከዚያ አዩኝና ሳቁ። በጣም ቀጭን ስለነበርኩ፣ ብቻዬን ስሆን ሚዛኑ እንዲጠበቅ ከፊት በኩል የብረት ክብደት መጨመር ነበረበት። እናቴ "ብዪ፣ አትከሺ" ስትለኝ እውነቷን ነበር። "ያለ እኔ ቀላል ስለሚሆን ፈጥኖ ይወጣል፤ አትደንግጪ" አሉኝና ክዳኑን ዘጉት።

ፈጥኖ ወጣ። ቢጫውን ሳብኩ። ዝምታው መጣ። ከልማዴ የተነሣ ከኋላዬ ድምፅ ጠበቅኩ፤ ማንም አልነበረም። ሜዳውን ዞሬ ቁመቴን አየሁ፣ ክሩን አየሁ፣ ሰማያዊውን ከፍቼ ወረድኩ። ጎማው ሣሩን ሲነካ ጮክ ብዬ በአማርኛ "ገባሁ!" አልኩ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ ወረድኩና ግላይደሩን ወደ መነሻው ገፋሁ። ቀጣዩ ልጅ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

በዚያን ጊዜ ብቻውን የበረረ ካዴት ዩኒፎርሙ ላይ የሚሰፋ ብርማ የክንፍ ምልክት ይሰጠው ነበር። ያንን ምልክት ይዤ ቤት ገባሁ። መስፋት ስለማልችል ሳላስበው ለእናቴ ሰጠኋት። መርፌዋን አወጣች፤ ክር አስገባች፤ ከዚያ ምልክቱን በመዳፏ ላይ አድርጋ አየችው።

"ይሄ ክንፍ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"የምን ክንፍ ነው?"

መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ረጅሙ አንቀጽ ምን ይል እንደነበርም ነገርኳት። እናቴ አልጮኸችም። ምልክቱን ሰፍታ ጨረሰች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ ሸሚዙን አጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፣ "መብረርሽን እግዚአብሔር ጠብቆሻል። እኔን ያስቀየመኝ ሌላ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ስሜን ጻፍኩ፤ አንቺ ለውሸት አዋልሽው።"

እዚህ ቦታ ላይ ነው ትናንት የመጀመሪያውን እርማት ያደረገችው። እኔ "አለቀሰች" ብዬ ጽፌ ነበር። "አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነበር። ተናደደች ብለሽ ጻፊ" አለችኝ።

ትምህርቱን ለመቀጠል ሌላ ቅጽ መጣ። በዚህኛው ጊዜ በእውነት ልተረጉምላት ተዘጋጅቼ ነበር። እናቴ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አንዲት እንግሊዝኛ የምታውቅ የአገራችን ሴት ዘንድ ሄዳ ከላይ እስከ ታች አስነበበችው። ልጇ አጠገቧ ቆሜ ሳለ ለሌላ ሰው ሰጥታ ማስነበቧ ከስድብ ሁሉ በላይ አመመኝ። ደግሞም ይገባኝ ነበር። ሦስት ቀን ቅጹ ማድቤት መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። እንደማትፈርም እርግጠኛ ነበርኩ። በአራተኛው ቀን ጠርታኝ "ድምፅ አለው?" አለችኝ። "የለውም እማዬ፤ ሞተር የለውም" አልኳት። "እንግዲያው መጥቼ አየዋለሁ፤ ከዚያ እፈርማለሁ ወይም አልፈርምም" አለች።

ቅዳሜ ከሌሊት ሥራዋ ሳትተኛ መጣች። ኬንሊ ሜዳውን ዙሪያውን ሰው የሚሄድበት መንገድ አለ። አጠገቡ ከጦርነቱ ዘመን የቀሩ፣ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ከቦምብ ለመከለል የተሠሩ ግድግዳዎች ይታያሉ። "ይሄ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች መጥተው ይህን ሜዳ እንደደበደቡት፣ ሃንጋሮቹ እንደፈረሱ፣ ሰው እንደሞተ ነገርኳት። ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችና "እዚህም?" አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ነጠላዋን ተከናንባ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

እኔ ያን ቀን መዝገቡ ላይ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላም አንድ ጊዜ በረርኩ። ከላይ ሆኜ ነጭ ነጠላዋን አየሁት፤ ከቦታው አልተነቃነቀም። ማታ ሥራ ጨርሰን ወደ እሷ ስሄድ ሻይዋ በፔርሙዙ ውስጥ እንዳለ ነው፤ አልቀመሰችውም።

"አሥራ ዘጠኝ ወጡ፤ አሥራ ዘጠኝ ወረዱ" አለችኝ።

በማግሥቱ መዝገቡን ከፍቼ እሷ ከመጣችበት ሰዓት ወዲህ ያለውን ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ ነበር። ቅጹን የፈረመችው በዚያው ሌሊት ነው። ፊርማዋ ከመጀመሪያው ይልቅ ትልቅ ነበር። ምሳም ቋጠረችልኝ፤ ማንም ሳይነግራት።

እኔ አብራሪ አልሆንኩም፤ ነርስ ሆንኩ። ሌሎች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2010 አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን፣ በ2015ም ከአብራሪዎቹ ጀምሮ ሴቶች ብቻ የሠሩበት በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ሲሄድ ቤታችን ትልቅ ወሬ ነበር። እናቴ ዜናውን ሰምታ ስልክ ደወለችልኝ። "እነዚህስ እናቶቻቸው አውቀው ነው የፈረሙት?" አለችኝ። ስቀን ስቀን ስልኩን መዝጋት አቃተን። ይቅር እንዳለችኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በሥራዬ ላይ አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። እናት ታማ ትመጣለች፤ አስተርጓሚዋ የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ነው። ሐኪሙ አምስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ፊቱን ሳየው የተነገረው ሁሉ እንደገባው አውቃለሁ። እሱ እንደ እኔ ለራሱ ብሎ አይደለም የሚያሳጥረው፤ እናቱ እንዳትደነግጥ ብሎ ነው። እናትየዋ ግን ስለ ራሷ ሰውነት የምትወስነው "ምሳ ይዛችሁ ኑ" ተብላ ነው። ልጁም ያንን ሸክም ብቻውን ይዞ ይመለሳል። እኔ ጥቂት ሳምንት ይዤው ነው እንደዚያ የከበደኝ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ እናቶች፣ ሐኪም ቤት ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ። በዚህ አገር የሕዝብ ሆስፒታል አስተርጓሚ የሚያቀርበው ከእናንተ ገንዘብ ሳይቀበል ነው። ልጃችሁ አብሯችሁ ይምጣ፤ እጃችሁን ይያዝ። አፋችሁ ግን አይሁን።

ሁለተኛ፣ ቋንቋውን የምናውቅ አባላት በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ እዚሁ አዳራሽ ተቀምጠን የመጣውን ወረቀት ሁሉ እናንብብ። ሳናሳጥር፣ ሳናሳምር፣ አስፈሪውንም አንቀጽ ጭምር። እንደ ሜዳው ሥራ ተራ እንግባ። ለጋሾቻችንን የምጠይቀው ለዚህ ነው። ለአዳራሹ፣ ለአንባቢዎቹ ሥልጠና፣ ከሩቅ ለሚመጡትም የመጓጓዣ ወጪ።

ሦስተኛው ለወላጆች ነው። ልጆቻችሁ የሚያስፈራችሁን ነገር ይዘው ሲመጡ፣ የመጀመሪያው ስሜታችሁ ወደ ራሳችሁ መሳብ ነው። አውቀዋለሁ፤ የእኔም እጅ እንደዚያ ነበር። ትንሽ ጠብቁ፤ አስነብቡት፤ ሄዳችሁ እዩት። ከዚያ እምቢ ማለት መብታችሁ ነው። እናቴ ያን ቅዳሜ እምቢ ብትል ኖሮ አለቅስ ነበር፤ ግን እምቢታው የእሷ ይሆን ነበር። እሺታውም የእሷ የሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛዋ እርማት ይህች ናት። ንግግሬን "እናቴን አመሰግናለሁ" ብዬ ጨርሼው ነበር። "እኔን ቤት ታመሰግኚኛለሽ፤ እዚያ የመጡትን አመስግኚ" አለችኝ። ስለዚህ ስለመጣችሁ፣ ስላዳመጣችሁኝም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከስብሰባው በኋላ ከሻዩ ጋር የምትበሉት ድፎ ዳቦ የእሷ ነው። ይዛ እንድትመጣ የነገራት ሰው የለም።